ኤልፒኤን ትምህርት ቤት ለመግባት፦ ከሚዘገየው ወረቀት ይጀምሩ

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ በሚኒያፖሊስ፣ በሲያትል ወይም በዳላስ በሌሊት ወደ አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት ቢገቡ አማርኛ የሚናገር ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) የማግኘት ዕድልዎ ሰፊ ነው። ከእነዚህ ውስጥ በሲኤንኤና በሙሉ ነርሱ በአርኤን መካከል ያለውን ፈቃድ የሚጠይቅ የነርስነት ደረጃ አስቦ «ቀጥሎ ኤልፒኤን እማራለሁ» የሚለው ብዙ ነው። ሐሳቡ ትክክል ነው። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ባወጣው የ2024 መረጃ የሲኤንኤ መካከለኛ የዓመት ደመወዝ 40 ሺህ ዶላር ገደማ ሲሆን የኤልፒኤን ደግሞ 62 ሺህ ዶላር ገደማ ነው። ትምህርቱ በሙሉ ጊዜ አንድ ዓመት ያህል ይፈጃል፤ ከዚያ ኤንክሌክስ ፒኤን የተባለው የፈቃድ ፈተና ይከተላል። በቴክሳስና በካሊፎርኒያ ይኸው ሙያ ኤልቪኤን ይባላል።

ሰው ሁሉ የሚፈራው የመግቢያ ፈተናውን ነው። ፈተናው ግን በሁለትና በሦስት ወር ጥናት የሚገፋ ነገር ነው፤ ካልተሳካም ይደገማል። ዓመት የሚበላው ከአገር ቤት ያልመጣ ትራንስክሪፕት (የትምህርት ውጤት ማስረጃ)፣ ሦስተኛው ዙር ያልተወሰደ ክትባት፣ በሁለት ወረቀት ላይ ሁለት ዓይነት ሆኖ የተጻፈ ስም ነው። ከታች ያሉት ደረጃዎች ማመልከቻ ቅጹ በሚጠይቀው ቅደም ተከተል ያልተደረደሩት ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚወስደው እንዲቀድም ሞክሬአለሁ።

መጀመሪያ፦ በእርግጥ ኤልፒኤን ያስፈልግዎታል?

ኢትዮጵያ ውስጥ በነርስነት ተመርቀው ከሆነ የትም ከመመዝገብዎ በፊት ለሚኖሩበት ግዛት የነርሲንግ ቦርድ (የነርስ ፈቃድ ሰጪው አካል) ይጻፉ። ማስረጃዎ ተገምግሞ በቀጥታ ለአርኤን ፈተና ሊቀመጡ ይችሉ ይሆናል። ግምገማውን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ሲጂኤፍኤንኤስ በሚል ስም የሚታወቀው፣ አሁን ትሩሜሪት የተባለው ድርጅት ነው። የሆነ ኮርስ ወይም የልምምድ ሰዓት ጎደለ ቢባሉ እንኳ የጎደለውን መሙላት ከሀ ከመጀመር ይሻላል። አሥር ዓመት በጤና ጣቢያ የሠራ ነርስ የደም ግፊት አለካክ ለመማር ብዙ ሺህ ዶላር ሲከፍል ማየት ያሳዝናል።

1. ትምህርት ቤቱን ከቦርዱ ዝርዝር ይምረጡ

ፍለጋውን ከማስታወቂያ አይጀምሩ። የየግዛቱ የነርሲንግ ቦርድ ያጸደቃቸውን የፕራክቲካል ነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ዝርዝር በድረ ገጹ ላይ ያወጣል። በግዛትዎ ሆኖ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ የሌለ ትምህርት ቤት ለፈቃድ ፈተና አያበቃዎትም፤ ስለ እሱ ሌላ ነገር ማጣራት ጊዜ ማባከን ነው።

ቦርዶቹ የየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ፈተናውን በመጀመሪያ ሙከራ በስንት በመቶ እንዳለፉም ያሳውቃሉ። ቴክሳስና ቨርጂኒያ ትምህርት ቤቶቻቸው ቢያንስ 80 በመቶ እንዲያሳልፉ ይጠብቃሉ። በሌላ ግዛት ቢኖሩም ቁጥሩን እንደ መለኪያ ይያዙት፤ የአንድ ዓመት ውጤት ስለሚያሳስት የሦስት ዓመቱን ጎን ለጎን ይመልከቱ። በተለይ አሥራ አምስት ተማሪ ብቻ ያስፈተነ ትምህርት ቤት በሁለት ሰው መውደቅ ብቻ ቁጥሩ ያሽቆለቁላል።

ዋጋው ቀጥሎ ይምጣ። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ርካሽ ነው፤ ቦታው ግን ጥቂት፣ ቅድመ ኮርሱ ብዙ፣ ወረፋው ረጅም ነው። ለትርፍ የሚሠሩት የግል ትምህርት ቤቶች ቶሎ ይቀበላሉ፤ ዋጋቸው የኮሌጁ ብዙ እጥፍ ሊሆን ይችላል። ቶሎ መቀበላቸው በራሱ ነውር አይደለም፤ ልጆች ለምታሳድግ እናት የአንድ ዓመት ጥበቃ ከክፍያው ልዩነት በላይ ሊያስከፍላት ይችላል። እኔ ግን ወደ ኮሌጁ አደላለሁ፣ ምክንያቱም ነገ ወደ አርኤን ሲሻገሩ የኮሌጁ ክሬዲት ይቆጠርልዎታል፤ የብዙ የግል ትምህርት ቤቶች ክሬዲት ግን አይቆጠርም። የግሉን ከመረጡ ከመፈረምዎ በፊት ወደፊት ሊቀጥሉበት ያሰቡትን ኮሌጅ «የዚህን ትምህርት ቤት ክሬዲት ትቀበላላችሁ?» ብለው በኢሜይል ይጠይቁና መልሱን ያስቀምጡ። የመዝጋቢው የቃል ተስፋ ኋላ ማስረጃ አይሆንዎትም።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በጥር 2023 የአሜሪካ ፌዴራል ዐቃቤ ሕግ በፍሎሪዳ የነበሩ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከ7,600 በላይ ሐሰተኛ የነርሲንግ ዲፕሎማዎችና ትራንስክሪፕቶች ማውጣታቸውን ይፋ አድርጓል። ገዢዎቹ ለእያንዳንዱ ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ዶላር ይከፍሉ ነበር። ከዚያ በኋላ የተለያዩ ግዛቶች ቦርዶች የሰጡትን ፈቃድ መሰረዝ ጀመሩ። «ክፍል ሳይመጡ፣ ልምምድ ሳይወጡ እንጨርስልዎታለን» የሚል ሰው ካጋጠመዎት፣ የሚያውቁት የአገርዎ ሰው ቢሆንም፣ ይራቁት።

2. ከአገር ቤት የሚመጣውን ወረቀት ዛሬ ይጀምሩ

ትምህርት ቤቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መጨረስዎን ማየት ይፈልጋል። የተማሩት ኢትዮጵያ ከሆነ ማስረጃዎ በአሜሪካ ደረጃ ከምን እንደሚስተካከል የሚመሰክር የገምጋሚ ድርጅት ሪፖርት ያስፈልግዎታል። ደብሊውኢኤስና ኢሲኢ በብዛት የሚታወቁት ናቸው። በአጠቃላይ ናሴስ የተባለው የገምጋሚዎች ማኅበር አባል የሆነ ድርጅት በብዙ ቦታ ተቀባይነት አለው፤ ቢሆንም ትምህርት ቤቱ የትኛውን እንደሚቀበል ሳይጠይቁ ገንዘብ አይክፈሉ። ለፈቃድ ፈተናው የመመዝገቢያውንና የትምህርት ቤቱን ሪፖርት አንድ ላይ ለማዘዝ ከቻሉ ሁለተኛ ክፍያ ይቀርልዎታል።

ገምጋሚዎቹ ከየአገሩ የሚፈልጉትን ሰነድ በድረ ገጻቸው ለይተው ይጽፋሉ። በታሸገ ፖስታ ከትምህርት ቤቱ ይምጣ፣ በቀጥታ በኢሜይል ይላክ፣ ወይስ እርስዎ ቅጂ ይጫኑ የሚለውን ከዚያ ያንብቡ። የብሔራዊ ፈተና ውጤትን የሚያረጋግጠው አዲስ አበባ ያለው የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ነው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን የክፍል ውጤት የሚሰጠው ግን የተማሩበት ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል ነው። ጊዜው የሚያልቀውም እዚያ ነው። ሪከርድ ክፍሉ ለእህትዎ ወይም ለወንድምዎ ያለ ውክልና ላይሰጥ ይችላል። ውክልናውን በኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ያረጋግጡና ይላኩ፤ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርና በሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት በኩል ያልፋል። ትምህርት ቤቱ ከአዲስ አበባ ውጭ ከሆነ የመኪና ጉዞ ይጨመርበታል። ትምህርት ቤቶች በክረምት ስለሚዘጉ በሐምሌና በነሐሴ ቢላክ ሪከርድ ክፍሉ ውስጥ ሰው ላይገኝ ይችላል። ወኪሉ ከሄደ አይቀር ሁለት ሦስት የታሸገ ኮፒ ያምጣ፤ ለሁለተኛ ጊዜ መላክ ከመጀመሪያው የበለጠ ያሰለቻል።

ስምን በተመለከተ ብዙ ሰው ይሰናከላል። የእኛ ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው። ፓስፖርቱ የአያትን ስም የቤተሰብ ስም ያደርገዋል፣ ትራንስክሪፕቱ በአባት ስም ያበቃል፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ደግሞ አንዱ ፀሐይን በአንድ መንገድ ሌላው በሌላ መንገድ ይጽፈዋል። ገምጋሚውም ሆነ ቦርዱ እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው ወይስ አንድ ብሎ ይጠይቃል። መፍትሔው ሁሉም ወረቀት በመታወቂያዎና በሶሻል ሴኩሪቲ ካርድዎ ላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል እንዲከተል ማድረግ ነው። የማይቻል ከሆነ ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ቃለ መሐላ በኖታሪ አስፈርመው ያያይዙ። ዜግነት ለመውሰድ ያመለከተ ሰው ስሙን በዚያው ሂደት ማስተካከል ይችላል፤ ይህን ካሰቡ ትራንስክሪፕት ከማዘዝዎ በፊት ይሁን።

ሁለተኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። በትራንስክሪፕቱ ላይ 2005 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከሆነ በፈረንጆቹ 2012/13 ነው። ያልተረዳ መዝጋቢ 2005 ብሎ ከመዘገበው በ10 ዓመትዎ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ይመስላል፤ ማስረጃውም ይጠረጠራል። ሪከርድ ክፍሉ ከዓመተ ምሕረቱ ጎን የአውሮፓውያኑን ዓመት እንዲጽፍ ወኪልዎ ይጠይቅ።

የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በነበረበት ዘመን ከ10ኛ ወደ ቴክኒክና ሙያ የሄዱ ሰዎች ደግሞ የተለየ ችግር አለባቸው። 10ኛ ክፍልን መጨረስ በአሜሪካ ከሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ጋር እኩል ላይቆጠር ይችላል። እንዲህ ከሆነ ወረቀት በመከራከር አንድ ዓመት ከማጥፋት ጂኢዲ (ከሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ጋር እኩል የሚቆጠር ፈተና) መውሰድ ይቀላል። ጂኢዲ አራት ፈተናዎች አሉት፦ ሒሳብ፣ ቋንቋ፣ ሳይንስና ማኅበራዊ ጥናት። በእያንዳንዱ 145 ነጥብ ያሳልፋል፤ አራቱንም በአንድ ቀን መውሰድ ግዴታ አይደለም። የአዋቂዎች ትምህርት ማእከላት በነጻ ወይም በትንሽ ክፍያ ያዘጋጃሉ። እንደ እኔ ከሆነ የወረቀቱ ጉዳይ አጠራጣሪ የሆነበት ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይጀምር፤ የቀደመው ይቅደም።

3. ክትባቱን ከትራንስክሪፕቱ ጋር አብረው ይጀምሩ

አብዛኛው ሰው ይህን ከተቀበሉት በኋላ የሚያስበው ነገር ያደርገዋል። ችግሩ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ሦስት ዙር ሲሆን ከመጀመሪያው እስከ ሦስተኛው ስድስት ወር ይወስዳል፤ ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ወር ቆይቶ ደምዎ መከላከያውን ማዳበሩ በምርመራ ይረጋገጣል። ለአዋቂዎች በአንድ ወር ልዩነት በሁለት ዙር የሚያልቅ ሄፕሊሳቭ ቢ የተባለ ክትባትም አለ፤ ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ከዚህ ሌላ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላ ጥምር ክትባት፣ የጉድፍ፣ የቴታነስና ትክትክ፣ የየዓመቱ የጉንፋን ክትባት ይጠየቃሉ። በዲቪ ወይም በቤተሰብ የመጡ ከሆነ አዲስ አበባ ለቪዛ ሲመረመሩ የተሰጠዎትን የክትባት ወረቀት ይፈልጉት፤ ግማሹ መርፌ እዚያ ላይ ተመዝግቦ ይሆናል። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ለመሆን ካሰቡ የኩፍኝ ጥምሩና የጉድፉ ክትባት በእርግዝና ጊዜ ስለማይሰጡ አስቀድመው ለሐኪምዎ ይንገሩ።

የቲቢ ምርመራው ለእኛ ልዩ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሕፃናት ክንዳቸው ላይ የቢሲጂ ክትባት ይወስዳሉ፤ በዚህ ምክንያት ክንድ ላይ የሚደረገው የቆዳ ምርመራ በሽታው በሌለበት ሊያብጥ ይችላል። ስለዚህ በደም የሚሠራውን ምርመራ፣ ለምሳሌ ኳንቲፌሮን፣ እንዲያደርጉልዎ ይጠይቁ። የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማእከሉ ሲዲሲም ቢሲጂ ለወሰደ ሰው የደሙን ይመርጣል። የደሙም ፖዘቲቭ ከሆነ አይደንግጡ፤ የደረት ራጅ ይከተላል፣ ራጁ ንጹሕ ከሆነና ሐኪም ከጻፈልዎ ትምህርት ቤቶች ይቀበላሉ። የኩፍኝ ወይም የጉድፍ ክትባት ከተወሰደ በኋላ ደግሞ የቲቢ ምርመራው ውጤት ሊዛባ ስለሚችል ወይ በዚያው ቀን ይመርመሩ፣ ወይ አራት ሳምንት ይቆዩ።

ስለ ሄፓታይተስ ቢ በማኅበረሰባችን ብዙ የማይነገር ነገር አለ። ቫይረሱ በደማቸው ያለ ሰዎች «ነርስ መሆን አልችልም» ብለው ያለ ጠያቂ ይተዉታል። ሲዲሲ በ2012 ባወጣው መመሪያ ሥር የሰደደ ሄፓታይተስ ቢ መኖሩ ብቻውን ሰውን ከጤና ሙያ ትምህርትም ሆነ ሥራ ሊያግድ እንደማይገባ ግልጽ አድርጓል። ሐኪምዎ ዘንድ ይከታተሉ፣ ማስረጃዎን ይያዙ፣ ማመልከቻዎን ያስገቡ።

4. ቅድመ ኮርሶችና እንግሊዝኛ

አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ አንዳንዴም ሳይኮሎጂ ይጠየቃሉ። ብዙ ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ኮርስን የሚቀበሉት በአምስት ወይም በሰባት ዓመት ውስጥ ከተወሰደ ብቻ ነው፤ ከመመዝገብዎ በፊት ያረጋግጡ። ኮሌጆች ከመጀመሪያው አኩፕሌሰር የሚባል የምደባ ፈተና ይሰጣሉ። ይህን ፈተና ንቀው ሳያጠኑ የሚገቡ ብዙ ናቸው። ውጤቱ ዝቅ ካለ የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ ውስጥ ሁለት ሦስት ሴሚስተር ሊቀመጡ ይችላሉና ቢያንስ የነጻ የልምምድ ጥያቄዎቹን ይሥሩ።

5. የመግቢያ ፈተናው

ብዙ ትምህርት ቤቶች ቲስ የተባለውን ፈተና ይጠይቃሉ፤ ሄሲ ኤ2 ወይም የካፕላንን የሚጠቀሙም አሉ። ቲስ 170 ጥያቄዎች ሲኖሩት ጠቅላላ ሰዓቱ 209 ደቂቃ ነው። ንባብ 45 ጥያቄ በ55 ደቂቃ፣ ሒሳብ 38 በ57፣ ሳይንስ 50 በ60፣ እንግሊዝኛ 37 በ37 ደቂቃ።

ሒሳቡ ኢትዮጵያ ለተማረ ሰው ከባድ አይደለም፤ ክፍልፋይ፣ ንጽጽር፣ በመቶኛ ነው፣ ካልኩሌተርም ስክሪኑ ላይ አለ። ያልለመድነው አውንስን፣ ፓውንድንና ኢንችን ወደ ሜትሪክ መቀየር ነው፤ አንድ ኪሎ 2.2 ፓውንድ፣ አንድ ኢንች 2.54 ሴንቲሜትር መሆኑን የመሳሰሉትን በቃል ይያዙ። በሳይንሱ ትልቁ ድርሻ የሰውነት አካላትና አሠራራቸው ነው፤ አናቶሚ ኮርሱን እንደጨረሱ ወዲያው መፈተን የሚያዋጣው ለዚህ ነው። የሚያስቸግረው ንባቡ ነው። እንግሊዝኛ ጠፍቶብን አይደለም፤ እያንዳንዱን ቃል ለመረዳት ስለምናነብ ሰዓቱ ያልቅብናል። ጥያቄውን አስቀድመው አንብበው መልሱን በጽሑፉ ውስጥ መፈለግን ይለማመዱ፣ ሁልጊዜም ሰዓት ይዘው ይሥሩ። ድጋሚ ለመፈተን ስንት ቀን መቆየት እንዳለብዎትና በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚፈቀድ የሚወስነው ትምህርት ቤቱ ነው። ስለዚህ ማመልከቻው ከመዘጋቱ ከሁለት ወር በፊት ይፈተኑ፤ አንድ ጊዜ ቢወድቁ ቀን ይተርፍዎታል።

6. ገንዘብ

ፋፍሳን (የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ማመልከቻ ቅጹን) በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይሙሉ፤ ለመሙላት ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው አያስፈልግዎትም። ፔል ግራንት የማይመለስ ድጎማ ሲሆን ለ2025–26 የትምህርት ዓመት ከፍተኛው 7,395 ዶላር ነው። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማመልከት ይችላል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን አስቀድሞ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ፔል አያገኝም፣ ዲግሪው የአዲስ አበባ ወይም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቢሆንም። በጂኦግራፊ ወይም በአካውንቲንግ ተመርቀው ከሆነ በጀትዎን ያለ ፔል ያስሉ፤ ቅጹ ላይ ዲግሪውን መደበቅ ግን ነገ የሚያስመልስ ዕዳ ነው። በአካባቢዎ ባለው የሥራ ማእከል በኩል ዊዮአ የሚባለው የፌዴራል የሥልጠና ገንዘብ አለ፤ ገቢ ዝቅተኛ ከሆነ ይጠይቁ፣ ትምህርት ከመጀመርዎ በፊት መጽደቅ እንዳለበት ልብ ይበሉ። አሠሪዎም የትምህርት ድጋፍ ሊኖረው ይችላል።

ሲኤንኤ ገና ካልሆኑና ትምህርት ቤቱ ከጠየቀዎት፣ የፌዴራሉ ዝቅተኛ ሥልጠና 75 ሰዓት ነው። ሜዲኬር ወይም ሜዲኬይድ (የመንግሥት የጤና መድን) የሚቀበል መንከባከቢያ ቤት ከቀጠረዎት ሥልጠናውን ሊያስከፍልዎ አይችልም። በራስዎ ከፍለው ሠልጥነው በ12 ወር ውስጥ ከተቀጠሩም ተመላሽ የሚደረግበት ደንብ ስላለ ደረሰኙን ያስቀምጡ።

7. ማመልከቻው፣ ደብዳቤውና ቃለ መጠይቁ

የድጋፍ ደብዳቤ ከሚቆጣጠርዎ አርኤን ወይም ካስተማረዎ መምህር ይጠይቁ። የንስሐ አባትዎ ደብዳቤ ስለ ጠባይዎ እውነት ቢናገርም ኮሚቴው የሚፈልገው ሥራዎን ያየ ሰው ነው። ደብዳቤ የሚጽፍልዎትን ሰው ቢያንስ አንድ ወር አስቀድመው ይንገሩት።

በግል መግለጫው ላይ «ከልጅነቴ ጀምሮ ሰው መርዳት እወዳለሁ» ብለው አይጀምሩ፤ ኮሚቴው ይህን ዓረፍተ ነገር በየማመልከቻው ያነበዋል። በሥራ ላይ ያዩትን አንድ ነገር ይጻፉ፤ የታካሚው ሁኔታ እንደተለወጠ እንዴት እንደታዘቡ፣ ለማን እንደነገሩ፣ ምን እንደተደረገ። የታካሚውን ስምም ሆነ ማንነቱን የሚያስታውቅ ነገር አያስገቡ፤ የታካሚን ምስጢር ያወጣ አመልካች ገና ከበሩ ይጣላል።

በቃለ መጠይቅ አስተዳደጋችን ይጎዳናል። ራስን ማሞገስ ነውር ስለሆነብን «እኔ ምንም አላደረግሁም፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብለን እናልፋለን። ጠያቂዎቹ ይህን ትሕትና አድርገው ሳይሆን ልምድ የለውም ብለው ነው የሚጽፉት። «ይህን አየሁ፣ ይህን አደረግሁ» ብለው ይመልሱ፣ ዓይን ዓይናቸውን ይዩ። ከሥራ ባልደረባ ጋር የተጋጩበትን አጋጣሚ መጠየቃቸው አይቀርም፤ «ተጋጭቼ አላውቅም» የሚል መልስ አያምኑም።

ሲቀበሉዎት አሻራ፣ የወንጀል ሪከርድ ምርመራና የአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ይመጣል። ማሪዋና በግዛትዎ ቢፈቀድም በፌዴራል ሕግ ስለተከለከለ ያስወግዳል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖንም በአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ከተከለከሉት ተርታ ነው፤ «ቅጠል ብቻ ነው» የሚለው እዚህ አይሠራም። የቆየ ክስ ካለብዎት ቅጹ ሲጠይቅ ይጻፉት፣ የፍርድ ቤቱንም መዝጊያ ወረቀት ያያይዙ፤ መደበቅ ብዙ ጊዜ ከክሱ የበለጠ ይጎዳል። የቢኤልኤስ (መሠረታዊ ሕይወት የማዳን ሥልጠና) ካርድ ደግሞ የአሜሪካ የልብ ማኅበር ለጤና ባለሙያዎች የሚሰጠው፣ በአካል የተፈተኑበት ይሁን፤ በኢንተርኔት ብቻ የሚሰጠውን አብዛኛው ትምህርት ቤት ይመልሰዋል። ካርዱ ለሁለት ዓመት ያገለግላል፤ ስለዚህ በጣም ቀደም ብለው አይውሰዱት።

ተጠባባቂ ዝርዝር ውስጥ ከገቡ ክፍያውን ያዘጋጁና ክትባትዎን ያሟሉ፤ ክፍል ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው አንድ ሰው ወረቀት ጎድሎበት ሲቀር የሚጠሩት ፋይሉ የተሟላውን ነው። ካልተቀበሉዎት ደግሞ በየትኛው ነጥብ እንደቀነሱ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ነጥብ አሰጣጣቸውን ስለሚገልጹ ለሚቀጥለው ዙር የሚደግሙት ቲሱን ይሁን አናቶሚውን ወዲያው ያውቃሉ።